ባዶ ገመድ የያዘ ይክፈል

የሺወርቅ መቀመጥ አይሆንላትም ነበር። ሰው ቤት ገብታ ዱካ ሲቀርብላት «አሁን እኮ ልሄድ ነው» ትልና ቆማ መጫወት ትጀምራለች፤ ጨዋታው ደርቶ፣ ባለቤቶቹ ተራ በተራ አዛግተው፣ እሷ አሁንም ቆማለች። ነጠላዋ አንዴ ትከሻዋ ላይ ነው፣ አንዴ ወገቧ ላይ፣ አንዴ ደግሞ እጇ ላይ ተጠቅልሎ ሰው መገሠጫ ይሆናል። ከእሷ ጋር ከመናኸሪያው ተነሥቶ ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ብቻውን ይቀራል፤ እሷ ደርሳ እየተመለሰች ነዋ! ጎረቤቷ አረጋሽ፣ ጠላ ሻጭና የአፍ ባለጸጋ፣ «ይቺ ሴትዮ የሞተች ቀን ቃሬዛዋን የሚሸከሙት ሰዎች ሮጠው አይደርሱባትም» ትል ነበር።

ይህች ሴት ናት እንግዲህ በደርግ ጊዜ፣ በሰባዎቹ መጀመሪያ ገደማ፣ የደባርቅ ከብት ገበያ ቀራጭ የሆነችው። ከእሷ በፊት የነበረው ቀራጭ ሚሊሺያ ሆኖ ዘመተ። ማዘጋጃ ቤቱ ሰው ሲያጣ የሴቶች ማኅበር እሷን አቀረበ። ወንዶቹ ሳቁ። «ሴት ለከብት ቀረጥ? በሬ ቢወጋትስ?» አሉ።

«በሬ የሚወጋው የቆመ ሰው ነው» አለቻቸውና የደረሰኝ ካርኒዋን ተቀብላ ወጣች።

የደባርቅን የውሃ ነገር ለማያውቅ ልንገረው። ከተማችን ብርድ እንጂ ውሃ አልነበረውም። ክረምት ሲሆን ከላይ ይዘንባል፣ ከታች ይጨቀያል፤ በጋ ሲገባ ግን ሴቱ ሁሉ እንስራውን አዝሎ ገደሉ ሥር ይወርዳል። እዚያ ያለችው ምንጭ ትንሽ ናት፤ በቅል እየጨለፉ ነው የሚቀዱት። ስለዚህ ወረፋ አለ። ወረፋ ማለት ደግሞ ተቀምጦ መጠበቅ ነው። ለሌላው ድካም የሆነው ነገር ለየሺወርቅ እስር ቤት ነበር። ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች፣ ትነሣለች፣ የሰው እንስራ ታስተካክላለች፣ ገደሉን ግማሽ ድረስ ወጥታ ትመለሳለች። «ሌላ ነገር አልጠይቅም» ትላለች፣ «ደጄ ላይ ቆሜ ውሃ ቀድቼ ልሙት!»

ታዲያ ወደ ሳንቃ በር ከሚወስደው መንገድ በላይ ያለው ትልቁ ምንጭ በቧንቧ ወደ ከተማው ይምጣ የሚል ወሬ ሲነሣ ከእሷ የበለጠ የተቅበዘበዘ ሰው አልነበረም። ወሬው ስብሰባ ሆነ። ስብሰባውን የመራው ጓድ ማዕረግ ነው፤ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር፣ ቀድሞ አስተማሪ የነበረ፣ ካኪ ለብሶ እንኳ ጠመኔ የያዘ የሚመስል ሰው። ገንዘብ ከየት ይምጣ ተባለ። ከደሞዝተኛው እንዳይባል ደሞዝተኛው በጣት የሚቆጠር ነው። ከየቤቱ ይሰብሰብ ሲባል ቤቱ ሁሉ አጉረመረመ። በመጨረሻ ጓድ ማዕረግ ተነሣና እንዲህ አለ፦

«ቅዳሜ ቅዳሜ ስንት ከብት ይሸጣል? በሚሸጠው ከብት ሁሉ ላይ ከነባሩ ቀረጥ ሌላ አንድ ስሙኒ እንጨምር። ቧንቧው እስኪያልቅ ብቻ። የሸጠ ይከፍላል፣ ያልሸጠ አይከፍልም። ከዚህ የበለጠ ፍትሕ የት አለ?»

አጨበጨብን። እጃችንንም አወጣን። እጅ ካወጣነው ውስጥ ግን የሚሸጥ ከብት ያለው አንድም ሰው አልነበረም፤ ከብቱ ያለው በየገጠሩ ነው፣ ገጠሬው ደግሞ ስብሰባው ላይ የለም። ይህን ያን ቀን ልብ ያለ ሰው አላየሁም።

መሰብሰቡ ግን እንደ ማጨብጨቡ አልቀለለም። ከብት ገበያው አጥር የለውም፤ ከከተማው በላይ፣ ዳገቱ ሥር የተዘረጋ ሜዳ ነው። ሻጭ ሸጦ በየትኛውም በኩል ይወጣል። «ሸጠሃል?» ስትለው «አልሸጥሁም» ይላታል፤ በሬው ሌላ ሰው እጅ ውስጥ ሆኖ እያገሳ እሱ «የማን በሬ ነው?» ይላል። የሺወርቅ ሜዳውን ስትዞር ውላ ማታ የምታስገባው ሳንቲም ለአንድ ክንድ ቧንቧ የማይበቃ ሆነ።

አንድ ቅዳሜ ግን ገበያው ሲበተን ዓይኗ አንድ ነገር ላይ ዐረፈ። በአገራችን ከብት የሸጠ ሰው ገመዱን አይሰጥም። ገመዱ አብሮ ከሄደ በረቱ ይራቆታል ብሎ ይፈራል። ስለዚህ ከብቱን ለገዢው ያስረክብና ገመዱን ፈትቶ፣ ጠቅልሎ፣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የሺወርቅ በደስታ ዘለለች! እውነቴን ነው፣ ሜዳው መካከል ዘለለች። ከዚያ በኋላ ከብት ለከብት መዞሯን ትታ ወደ ገጠር በሚያወጣው መንገድ አፍ ላይ ቆመች። ባዶ ገመድ ትከሻው ላይ ያለ ሰው ሁሉ፣ «ና ወንድሜ፣ ስሙኒህን!» ክርክር የለም፤ ገመዱ እማኝ ነው። አንዳንዱ ገመዱን ጋቢው ሥር ይደብቃል፤ እሷ ግን ሆዱ ድንገት የወፈረ ሰው ታውቃለች። «ምን በላህ ወንድሜ? ጫፉ በእግርህ ሥር ወጥቷል!»

ስሙኒው ተጠራቀመ። መንገዱ ዛሬ ክፍት፣ ነገ ዝግ ይሆን ነበርና ቧንቧው ከጎንደር ተነሥቶ ዳባት ላይ እየታገደ፣ እየተለቀቀ መጣ። ቦዩን ሰው ሁሉ በዘመቻ ቆፈረ። ከምንጩ ወደ ታች፣ በዳገቱ፣ እስከ ከብት ገበያው ጥግ ድረስ ደረሰ። ከዚያ ወደ ከተማው ለመግባት የቀረው ትንሽ ነበር፤ ለሱም ጥቂት ቅዳሜ ይበቃል። የሺወርቅ እንቅልፍ አጣች። ሌሊት ተነሥታ እንስራዋን ስታጥብ ሰምቻታለሁ ብላ አረጋሽ ምላለች።

ነገሩ የተበላሸው ጥር ላይ ነው።

አባ ወልደ ገብርኤል ከከተማው ወጣ ባለ አጥቢያ የሚቀድሱ፣ እያረሱም የሚኖሩ ቄስ ናቸው። ያን ቅዳሜ ገበያው ሳይበተን ብቻቸውን፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ባዶ ገመድ ትከሻቸው ላይ አድርገው በመንገዱ አፍ መጡ። የሺወርቅ ነጠላዋን አስተካክላ ጎንበስ አለች፤ መስቀል ተሳለመች። ከዚያ ቀና አለችና፦

«አባቴ፣ ስሙኒ አለብዎት» አለች።

«የምን ስሙኒ ልጄ?»

«የሸጡት ከብት ነዋ።»

«እኔ አልሸጥሁም።»

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚለኝ አባቴ። ገመዱ ግን ሸጠዋል ይላል።»

አጠገባቸው የነበሩ ሰዎች ሳቁ። አንዱ ቀበጥ «አባ፣ በሬውን ኪስዎ ከተቱት እንዴ?» አለ። ሳቁ ጨመረ። አባ ወልደ ገብርኤል ከጋቢያቸው ጫፍ ላይ የተቋጠረ ነገር ፈትተው ስሙኒዋን እጇ ላይ አኖሩ፤ ደረሰኙን ሳይቀበሉ ሄዱ። እሷም ወደሚቀጥለው ገመድ ዞረች።

በሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ከብት ገበያው ላይ ንፋስ ብቻ ነበር። የሺወርቅ ሜዳውን ዞረች፤ ልጓሙ የተበጠሰ አንድ በቅሎና ባለቤቱ ብቻ ናቸው። ሮጣ ወደ አረጋሽ ወረደች።

«ዛሬ በዓል ነው እንዴ?»

«ለአንቺ ነው በዓሉ» አለች አረጋሽ። «ከብቱ ሁሉ ኮሶው ሥር ነው። ከወሰን ውጪ። ጠላዬም ወደዚያ ልትሄድ ነው፣ አትቆጪኝ።»

ኮሶው በዳባት በኩል፣ ከከተማው ወሰን ማዶ ያለ ትልቅ ዛፍ ነው። የሺወርቅ ስትደርስ ገበያው ደርቷል፤ በሬው፣ በጉ፣ ፍየሉ፣ ጭቅጭቁ። መካከል ላይ ላቀው ቆሟል። ላቀው የአባ ወልደ ገብርኤል አጥቢያ ገበሬ ነው፤ ረዥም፣ ቀጭን፣ ምላሱም እንደ ቁመቱ። ሲያያት ዱላውን ትከሻው ላይ አጋደመ።

«እዚህም ገመዳችንን ልታዪ መጣሽ?»

«ምን አደረግኋችሁ ላቀው?»

«ምን አላደረግሽም! ውሃውን ማን ይጠጣዋል? እናንተ። ማን ይከፍላል? እኛ። ይሁን ብለን ከፈልን። የአባን በሬ ግን ምን ገደለው ብለሽ ጠይቀሻል?»

«ገደለው?»

«በበሽታ ሞተባቸው! ሊገዙ ነበር የመጡት። ሻጭ ገመዱን እንደማይሰጥ እያወቅሽ፣ ገዢም የራሱን ገመድ ይዞ እንደሚመጣ ጠፋሽ? ገንዘባቸው ለወይፈን እንኳ አልበቃ ብሎ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ፣ በሰው ፊት ውሸታም አደረግሻቸው። ቄስ ሰው በገበያ መካከል "መግዣ አጣሁ" ይበል? ዝም ብለው ከፈሉሽ። እኛ ግን ዝም አንልም።»

የሺወርቅ ባለችበት ቆመች። ቆማ መቅረቷን ያዩ ሁሉ ደነገጡ፤ እንዲያ ቀጥ ብላ ታይታ አታውቅማ። ከዚያ ዘወር ብላ እየተንደረደረች ወደ ከተማው ተመለሰች፤ በቀጥታ ወደ ጓድ ማዕረግ ቢሮ።

ጓድ ማዕረግ ወሬውን ሰምቶ ጠረጴዛ እየደበደበ ነበር። «አድማ ነው!» አለ። «አብዮት ጠባቂ ልኬ ከነከብታቸው እየነዳሁ አስገባቸዋለሁ!»

«ሲገቡስ ይሸጣሉ?» አለች የሺወርቅ። «ነድተው ያስገቡትን ከብት አንገቱን ይዞ ማን ያሻሽጠዋል? ሰው ይታሰርብናል፣ ደም ይፈስብናል፣ ውሃውም እዚያ ሜዳ ላይ ይቀራል። ለእኔ ይተዉልኝ።»

«ያበላሸሽው አንቺ ነሽ፣ ለአንቺ ልተው?»

«ያበላሸሁትማ እኔ ነኝ። ለዚህ ነው ለእኔ የሚተዉት።»

ቀና ብሎ አያት። «ደጅ ጠንተሽም ሆነ እግር ስመሽ በሁለት ሳምንት ካልተመለሱ እልካለሁ» አለ። «አንቺም ካርኒውን ታስረክቢያለሽ።»

እሁድ ገና ጎህ ሳይቀድ ወደ አባ ወልደ ገብርኤል አጥቢያ ወጣች። የመንግሥት ሠራተኛ በሰንበቴ ላይ መታየቱ በዚያ ጊዜ የሚወደድ ነገር አልነበረም፤ እሷ ግን ስለዚህ አላሰበችም። ቅዳሴው ካበቃ በኋላ ሰው ሁሉ በደጀ ሰላሙ ተሰብስቦ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ሲቀዳ፣ ከሴቶቹ ጫፍ አስቀመጧት። ተቀመጠች! ሽማግሌዎቹ ጸሎት አድርሰው፣ የሚቀጥለው ባለ ተራ ተነግሮ፣ የአንዱ የወሰን ክርክር ተሰምቶ፣ እሷ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ ጠበቀች። ላቀው ከወንዶቹ በኩል ያያታል፤ ሳቁን በጋቢው ሸፍኗል።

ተራዋ ሲደርስ ተነሥታ አባ ወልደ ገብርኤል እግር ላይ ወደቀች። እሳቸው ክንዷን ይዘው አነሷት።

«አባቴ፣ በደልሁዎት። ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። እኔ የተውሁት ያኔውኑ ነው ልጄ።»

«ሰው ግን አልተወልኝም።»

«ሰው የተቆጣው በእኔ ብቻ መሰለሽ?» አሉ። «የእኔ ነገር ቁስሉን ነካው እንጂ ቁስሉ የቆየ ነው። እስቲ ንገሪኝ፣ ከዚህ ከብት ነድቶ የሄደ ሰው ከብቱ የት ይጠጣል?»

የሺወርቅ አሰበች። ከብት ገበያው ላይ ውሃ የለም። ከብቱ ጠምቶት ይመጣል፣ ጠምቶት ይቆማል፤ የተጠማ በሬ ሆዱ ይጣበቃል፣ ዋጋው ይወርዳል። ይህን ስንት ቅዳሜ ሙሉ በዓይኗ አይታለች፤ አንድ ቀን ግን አላሰበችበትም። አፏ ከልቧ ቀደመ፦

«ውሃው መጀመሪያ ለከብቱ ይሁን! ቧንቧው እዚያው ሜዳው ጥግ ደርሷል። ገንዳ እናሠራለን። ከተማው ከዚያ በኋላ ይጠጣል።»

አንድ ሽማግሌ ጆሯቸውን በእጃቸው ደግፈው «ይህን የምትይው አንቺ ነሽ ወይስ መንግሥት ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያውስ ይሻላል» አሉ ሽማግሌው። የሰንበቴው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ላቀው ግን አልሳቀም።

«ገንዳውን ሳላይ ኮሶውን አልለቅም» አለ። «ገመዳችንንስ?»

«ገመድ አላይም። ሸጠሃል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ፤ የነገራችሁኝን እቀበላለሁ።»

«የሚዋሽሽስ?»

«ይዋሸኝ።»

ጓድ ማዕረግ ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። ገንዘብ የለም፤ ለከተማው ቦኖ ተብሎ የተገዛ ሲሚንቶ ብቻ ነው ያለው። «ያን ሲሚንቶ ለበሬ?» አለ። «ማን ፈቀደልሽ? ማዕረግ ለበሬ ቦኖ አሠራ ይባልልኝ?»

«ይባል ጓድ። በሬው ካልመጣ ስሙኒው አይመጣም። ስሙኒው ካልመጣ የቀረውን ቧንቧ በምን ይገዙታል? በጭብጨባ?»

ጓድ ማዕረግ የመጋዘኑን ቁልፍ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ገፋ አደረገላት። «ካልመጡ አንቺን አያድርገኝ» አለ። እሷ ግን ቁልፉን አንሥታ ደጅ ደርሳለች።

ያ ሳምንት ለየሺወርቅ እንዴት እንዳለፈ እግሮቿ ያውቃሉ። ግንበኛውን ታጣድፋለች፣ ድንጋይ ታቀብላለች፣ ሲሚንቶው እንዲጠና ውሃ ታርከፈክፋለች፣ ሰው ደግሞ እየመጣ ይሳለቅባታል። ከሁሉ የከፉት ሴቶቹ ነበሩ። «እኛ ገደል እየወረድን በሬ በሲሚንቶ ይጠጣ?» ይሏታል። አረጋሽ እንኳ ለቀናት አኮረፈቻት፤ ለአረጋሽ ዝም ማለት ቀላል ቅጣት አይደለም።

ቅዳሜ ነጋ። ገንዳው ሞልቶ ሜዳው ጥግ ላይ ተጋድሟል፤ ቧንቧው እየጮኸ ይፈስበታል። የሺወርቅ ከገንዳው ወደ መንገዱ አፍ፣ ከመንገዱ አፍ ወደ ገንዳው ትመላለሳለች። ጓድ ማዕረግ ኮቱን ደርቦ ራቅ ብሎ ቆሟል። ፀሐይ ወጣች፤ መንገዱ ላይ ሰው የለም። ፀሐይ ከፍ አለች፤ አሁንም የለም። ጓድ ማዕረግ ሰዓቱን አየ።

ከዚያ በዳባት በኩል አቧራ ተነሣ። ፊት ፊት ላቀው ሁለት በሬዎች እየነዳ፣ ከኋላው አባ ወልደ ገብርኤል በበቅሎ፣ ከእሳቸው ኋላ የአጥቢያው ሰው ከነከብቱ፣ የሌላውም አጥቢያ ሰው እየተግተለተለ መጣ። ማንም ወደ መሸጫው አልገባም። ሁሉም ገንዳውን ከብበው ቆሙ።

«ይኸው» አለች የሺወርቅ፤ ትንፋሿ ተቆራርጧል።

ላቀው በሬዎቹን ወደ ገንዳው አቀረበ። ትልቁ በሬ አንገቱን አስግጎ ውሃውን አሸተተ። ቧንቧው «ፍርርር» አለ። በሬው ዓይኑን አፍጥጦ ወደ ኋላ ሸሸ። ሁለተኛው ጭራሹን አልቀረበም። በጎቹ አፋቸውን ነክረው በሲሚንቶው ሽታ አስነጠሱ። ወራጅ ውሃ የለመደ ከብት ሁሉ እየመጣ እያሸተተ ይመለስ ጀመር።

«ከብቱም አልከፍልም አለ!» ብሎ አንዱ ጮኸ። ሳቅ ሆነ። ጓድ ማዕረግ ፊቱን አዞረ። ላቀው በሬዎቹን ወደ ኮሶው አቅጣጫ መለስ ማድረግ ጀመረ፤ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ የተጠማ ከብት ይዞ ማን ቆሞ ይስቃል? ወንዝ ሊያወርዳቸው ነው።

የሺወርቅ ግራ ቀኝ አየች። ቧንቧውን በነጠላዋ ጥምጥም አድርጋ ጩኸቱን አፈነችው። ከዚያ ገንዳው ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለችና ከንፈሯን አሹላ ታፏጭ ጀመር። እረኛ ከብቱን ውሃ ሲያጠጣ የሚያፏጨው ያ ቀስ ያለ፣ ረዘም ያለ ፉጨት ነው። ሴት ልጅ በወንዶች መካከል፣ በቄስ ፊት ታፏጫለች! አንዳንዱ አፉን ያዘ። አንዲት አሮጊት አማተቡ። እሷ ግን አላቆመችም፤ ትንፋሿ እስኪያልቅ ታፏጫለች፣ ስባ ትቀጥላለች። ሜዳው ሁሉ ሳቁን ተወ።

ትልቁ በሬ ጆሮውን አቆመ። ዞረ። አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፣ ከዚያ አፉን ነከረ። ጉሮሮው ሲወጣና ሲወርድ ታየ። ጠጣ፣ ጠጣ፣ ሆዱ እስኪነፋ ጠጣ። ያኔ ላቀውም አፏጨ። ከእሱ ቀጥሎ ሌላው። ጥቂት ቆይቶ ሜዳው ሙሉ ፉጨት ሆነ፤ ከብቱ እየተጋፋ አንገቱን ገንዳው ላይ ደረደረ። አባ ወልደ ገብርኤል ከበቅሏቸው ወርደው ልጓሟን ለቀቁላት። ጓድ ማዕረግ እንኳ ከንፈሩን ሲያሾል አይቼዋለሁ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም።

ከከብቱ ኋላ የከተማው ሴቶች እንስራቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ገደሉ ሥር መውረዱን ለዚያ ቀን ትተውታል። አረጋሽ ከፊት ናት፤ ኩርፊያዋ አልቋል።

«የሺ! የበሬ ትራፊ ልታጠጪን ነው?»

«ከቧንቧው አፍ ቅጂ! ጥቂት ቅዳሜ ነው፣ በርሽ ላይ ይደርስልሻል!»

«እስከዚያ ፉጨትሽን እንሰማለን እንግዲህ።»

የሺወርቅ ግን መልስ ለመስጠት ጊዜ አልነበራትም። ሜዳው መካከል ላቀው የገዢውን እጅ መትቶ ትልቁን በሬ ሸጧል። እርጥብ ነጠላዋን እየጨመቀች ወደሱ ሮጠች።

«ላቀው! ሸጠሃል?»

«በዓይንሽ አይተሽ ትጠይቂኛለሽ?»

«ልጠይቅ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ሸጠሃል?»

«ሸጥሁ» አለ ላቀው፤ እጁንም ወደ ኪሱ ሰደደ።